የውሻ ቆሎ

ይህ ደብረ ብርሃን ላይ ትንንሽ ውሻ ለሚያሳድጉ ሰዎች ስለ ውሻ አመጋገብ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከተቀዳው ድምፅ ላይ ገልብጬ ነው የጻፍኩት። «እ…» እያልኩ የተንተባተብኩትን አውጥቻለሁ፣ ሌላው እንዳለ ነው።

እሺ፣ እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑ፣ ወንበር አለ። ውሻ ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ጋቢያችሁ ውስጥ ሸጎጥ አድርጓት፣ ይሄ አዳራሽ ይበርዳል። እኛ ሹራብ ደርበን እየተንቀጠቀጥን 3 ኪሎ የማትሞላ ውሻ ሲሚንቶ ላይ ማስቀመጥ ግፍ ነው።

ሥራዬን ታውቃላችሁ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በእኛ አገር የእንስሳት ሐኪም ማለት ደግሞ የበግና የላም ሐኪም ማለት ነው። ውሻ ወደ እኔ የሚመጣው ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብቻ ነበር፤ ወግቼ እሸኛለሁ፣ በቃ። አሁን ነገሩ ተቀየረ። ከአዲስ አበባ በካርቶን የሚመጣ ፑድል አለ፣ ማልቴዝ አለ፣ ቺዋዋ አለ። አባቱ ፑድል እናቱ የሰፈር ውሻ የሆነም አለ (ብዙ ጊዜ ከሁሉም ጤነኛው እሱ ነው)።

ወደዚህ ጉዳይ ያስገቡኝ አንዲት ጎረቤቴ ናቸው፣ እማማ ነው የምላቸው። ልጃቸው አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። እናቴ ብቻዋን አትሁን ብሎ አንዲት ነጭ ጸጉራም ቡችላ ላከላቸው። ቡቺ አሏት። ከቡቺ ጋር አንድ ከረጢት ደረቅ ምግብ መጣ። እማማ ከረጢቱን ከፈቱ፣ እፍኝ ዘገኑ፣ አሸተቱ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሯት። እውነቴን ነው፣ ሰበሯት። ከዚያ «ይሄማ የውሻ ቆሎ ነው! የደብረ ሲናው ይሻላል» አሉኝ። ቀጠሉና «ለመሆኑ ልጄ፣ ይቺን የምታህል ፍጥረት በቀን ስንት እፍኝ ትበላለች?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። የመንዝ በግ በቀን ስንት ድርቆሽ እንደሚበቃው በእንቅልፍ ልቤ እናገራለሁ፣ የቡቺን ግን አላውቀውም። «እንደ ሆዷ ይስጧት እማማ» ብዬ ሄድኩ። ስምንት ወር ቆይቼ ስመለስ ቡቺ በርሜል ሆናለች።

እንግዲህ ዛሬ የመጣሁት ያኔ ልመልስ ይገባኝ የነበረውን ለመመለስ ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ዶክተር፣ የትኛው ብራንድ ነው አሪፉ? ተፈጥሯዊው የቱ ነው?» ይለኛል። ስንት ግራም ልስጣት ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ከእማማ በቀር። ለትንሽ ውሻ ግን ስንት የሚለው ከየትኛው ይቀድማል።

ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ። ማንኛውም እንስሳ ተኝቶም ቢሆን ልቡን ለማስመታት፣ ለመተንፈስ፣ ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያቃጥለው ኃይል አለ። ስሌቱ ክብደቱን በኪሎ ወስዶ በሒሳብ «0.75 ፓወር» ማድረግ፣ ከዚያ በ70 ማባዛት ነው። ስልካችሁን አታውጡ፣ ሠርቼዋለሁ። 4 ኪሎ የምትመዝን ውሻ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልጋታል። 30 ኪሎ የሚመዝን የግቢ ጠባቂ ደግሞ 900 ገደማ። አሁን በኪሎ አካፍሉት። ትንሿ በኪሎ 50 ታቃጥላለች፣ ትልቁ 30 ብቻ። ሲኒ ውስጥ የተቀዳ ቡናና ጀበና ውስጥ ያለ ቡና፣ የትኛው ቀድሞ ይቀዘቅዛል? ሲኒው። ትንሽ ገላ ሙቀት አይዝም፤ ስለዚህ ትንሽ ውሻ ለኪሎዋ ብዙ ትበላለች፣ ግን ጨጓራዋ የሲኒ ያህል ነው። ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ምግቧ ጥቂትም፣ በኃይል የታመቀም መሆን አለበት። ፍሬውም ለአፏ የሚሆን ደቃቅ ይሁን፤ ለትልቅ ውሻ የተሠራው ፍሬ ለቺዋዋ ድንጋይ ነው።

200ው ዝም ብላ ለተኛች ነው። ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ለምትል፣ እንዳትወልድ ለተደረገች ጎልማሳ ውሻ ያንን በ1.6 ታባዙና 300 አልፎ ትንሽ ይሆናል። 300 እንበል። ደረቅ የውሻ ምግብ 100 ግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ350 እስከ 400 ኪሎ ካሎሪ አለው፣ ከረጢቱ ላይም ይጻፋል። ስለዚህ ባለ 4 ኪሎዋ ቡቺ በቀን 80 ግራም ይበቃታል። ጠዋት 40፣ ማታ 40። የእኔ ቤት የቡና ሲኒ ሙሉዋን 30 ግራም ገደማ ትይዛለች፤ የእናንተ ሲኒና የእናንተ ምግብ ይለያልና እናንተም መዝኑ። እማማ ታዲያ በምን ነበር የሚሰፍሩላት? በጣሳ! ጣሳ ሙሉ፣ ሲያልቅ ደግሞ ይጨመራል።

በዚያ ላይ ጉርሻው አለ። ጉርሻ የሌለበት ቤት የለንም፣ አውቃለሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ለእኔና ለእናንተ ምንም አይደለም። ለቡቺ ግን የቀን ቀለቧ ከሲሶ በላይ ነው፣ በአንድ ማንኪያ! ከዋናው ምግብ ውጪ የሚሰጣት ሁሉ ተደምሮ ከቀን ካሎሪዋ 10 ከመቶ እንዳያልፍ ይመከራል። የቡቺ 10 ከመቶ 30 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ግማሽ የተቀቀለ እንቁላል እንኳ አይሞላም። አባት ሲያጎርስ፣ እናት ስታጎርስ፣ ልጆቹ ከጠረጴዛ ስር ሲያቀብሉ፣ ሠራተኛዋ ኩሽና ውስጥ ስትጥልላት ሁሉም «እኔ እኮ ትንሽ ነው የሰጠኋት» ይላል። ሁሉም እውነቱን ነው።

ቡችሎች ላይ ደግሞ ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል። ደቃቅ ዝርያ ቡችላ ጉበቷ ውስጥ የምታስቀምጠው ስኳር ጥቂት ነው። ማታ ሳትበላ ካደረች፣ በዚህ በጥቅምት ውርጭ፣ ጠዋት ስትንገዳገድ ወይም ስትንቀጠቀጥ ልታገኟት ትችላላችሁ። ሰው «ብርድ ነው» ብሎ ብርድ ልብስ ይደርብላታል። ስኳሯ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ድዷ ላይ ማር ወይም ስኳር ውሃ ቀቡና ይዛችኋት ሩጡ። እንዳይደርስባት ደግሞ ቢያንስ አራት ወር እስኪሞላት በቀን አራት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት ስጧት።

አሁን ወደ ቆሎው። ይሄ ደረቅ ምግብ ከየት መጣ? ጄምስ ስፕራት የሚባል አሜሪካዊ ነው የሚጠቀሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1861 እንግሊዝ ውስጥ የውሻ ብስኩት የፈጠራ መብት ያስመዘገበው። የመርከበኞች ደረቅ ብስኩት ወደብ ላይ ሲጣል ውሾች ሲሻሙበት አይቶ ነው ይባላል። የመርከበኞች ብስኩት ማለት ምን መሰላችሁ፣ ወታደር የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ኮቾሮ! የዛሬው ፍሬ ፍሬው የመጣው ግን 1950ዎቹ ውስጥ ነው። እህሉ፣ የሥጋ ዱቄቱ፣ ቫይታሚኑ ተቦክቶ በእንፋሎትና በግፊት ይበስላል፣ በቀዳዳ ተገፍቶ ይወጣል፣ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ መጨረሻ ላይ ስብ ይረጭበታል። ያ ላይ ላዩን የተረጨ ስብ ነው የሚሸታችሁ፣ ውሻዋንም የሚስባት፣ ሲቆይም ቀድሞ የሚበላሸው።

እንግዲህ በማሽን ተገፍቶ የወጣ ነገር «ተፈጥሯዊ» ሲባል ምን ማለት ነው? አሜሪካ ውስጥ ለመኖ የሞዴል ደንብ የሚያወጣው አፍኮ የሚባለው ማኅበር ያለው ትርጉም በአጭሩ እንዲህ ነው። ንጥረ ነገሮቹ ከዕፅዋት፣ ከእንስሳት ወይም ከማዕድን የተገኙ፣ በኬሚካል ያልተፈበረኩ መሆን አለባቸው፤ በጥቂቱ የሚጨመሩት ቫይታሚንና ማዕድን ግን ይፈቀዳሉ። ያን ያህል ነው። ሥጋው ምርጥ ነው አይልም፣ ለቡቺ ይበቃታልም አይልም። በተግባር የምታዩት ልዩነት ማቆያው ላይ ነው። አንዱ ስቡ እንዳይበላሽ ቢኤችኤ ወይም ቢኤችቲ የሚባል በፋብሪካ የተሠራ ማቆያ ይጨምራል፣ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቫይታሚን ኢ ወይም የጥብስ ቅጠል ጭማቂ ይጠቀማል። ጥሩ ነው፣ እኔም እመርጠዋለሁ። ግን ቶሎ ነው የሚበላሸው፣ ይህን ሻጩ አይነግራችሁም።

እውነተኛውን የተፈጥሮ ምግብ ማየት የሚፈልግ መንዝ ጓሳ ይሂድ። ቀይ ቀበሮ እዚያ አለ፣ የውሻ የሥጋ ዘመድ ነው። የሚበላው አይጥ ነው። አይጡን ደግሞ እንዳለ ነው የሚበላው፤ ከነአጥንቱ፣ ከነጉበቱ፣ ከነአንጀቱ። አንድ አይጥ ማለት ሙሉ ማዕድ ነው፣ ካልሲየሙ አጥንቱ ውስጥ፣ ቫይታሚኑ ጉበቱ ውስጥ። እኛ «ተፈጥሯዊ ነው» ብለን ለውሻችን የምንሰጣት ቀይ ሥጋ ብቻ ሲሆን ያ ሁሉ ይቀራል። ሥጋ ውስጥ ፎስፈረሱ ካልሲየሙን ከ15 እስከ 20 ጊዜ ይበልጠዋል። ውሻ ግን ሁለቱን እኩል ለእኩል ወይም ካልሲየሙ እስከ እጥፍ በልጦ ነው የምትፈልገው። ጎደሎው ከየት ይመጣል? ከራሷ አጥንት ነው የሚቀዳው። ሥጋ ብቻ እየተመገበ እግሩ የተጣመመ ቡችላ በእጄ ይዤ አውቃለሁ። ባለቤቱ ከሱ አፍ ነጥቆ ነበር ሥጋ የሚያበላው፣ ያሳዝናል።

(እግረ መንገዴን፣ በዚያ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ውሾቻቸውን አስከትቡ በሏቸው። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው የውሾች በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ተላልፎ ሊጨርሰው ይችላል። ያለን እንደሁ ጥቂት ነው።)

ደግሞ ሌላ ፋሽን አለ፣ «እህል የሌለበት»። ውሻ ተኩላ ናት፣ እህል አትበላም የሚል ነው። ሰው ከውሻ ጋር ስንት ሺህ ዓመት እንጀራና ገንፎ ተካፍሎ ኖሮ! እ.ኤ.አ. በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ፣ ውሻ ስታርች የሚፈጭበት ዘረ መል ከተኩላ ይልቅ ብዙ ቅጂ አለው። ተኩላ ሁለት፣ ውሻ ከ4 እስከ 30። የበሰለ ገብስ ለውሻ ጥፋት የለውም፤ የተጉለት ሰው ይሄን ሲሰማ ደስ ይለዋል። እንዲያውም እህሉን አውጥተው በምትኩ አተርና ምስር ያበዙበት ምግብ ከውሾች የልብ ጡንቻ በሽታ ጋር ይያያዝ እንደሆነ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ምርመራ ጀምሮ ነበር። በ2022 መጨረሻ ላይ ምግቡ ነው ምክንያቱ ለማለት የሚበቃ መረጃ አላገኘሁም ብሏል። ነጻም አልወጣ፣ አልተፈረደበትም። እኔ ለእህል ጠልነቱ ተጨማሪ ብር አልከፍልም።

ከረጢቱ ላይ ምን ታነባላችሁ? የፊት ለፊቱን ፎቶ እርሱት። ገልብጡት። እንግሊዝኛ ላልለመደ ሰው የሚያምታቱ ሁለት ቃላት አሉ። «ኮምፕሊት» የሚል ካለ የተሟላ ነው፣ ብቻውን ዕድሜ ልክ ያኖራታል። «ኮምፕሌመንታሪ» የሚል ከሆነ ማሟያ ብቻ ነው፣ ልክ እንደ ማባያ። ሁለቱ ቃላት እንደ መንታ ይመስላሉ፣ ለይታችሁ አንብቡ። ቀጥሎ ለማን? ለቡችላ ወይስ ለጎልማሳ? በአፍኮ መመዘኛ የቡችላ ምግብ እርጥበቱ ወጥቶ ሲሰላ ቢያንስ 22.5 ከመቶ ፕሮቲን ይፈልጋል፣ የጎልማሳ 18።

«እርጥበቱ ወጥቶ» ያልኩት ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። የቆርቆሮው ምግብ ላይ ፕሮቲን 8 ከመቶ ይላል፣ ደረቁ ላይ 26። ደረቁ በሦስት እጥፍ የሚበልጥ ይመስላል። ግን ቆርቆሮው 78 ከመቶው ውሃ ነው! ውሃውን አውጥታችሁ 8ን ለ22 ስታካፍሉ 36 ከመቶ ይመጣል። ደረቁ ውሃው 10 ከመቶ ነው፣ 26ን ለ90 ስታካፍሉ 29። ተገለበጠ። የንጥረ ነገሮቹም ዝርዝር እንዲሁ ነው። «ትኩስ ዶሮ» መጀመሪያ ላይ ተጽፎ የምታዩት ከነውሃው ተመዝኖ ነው። የዶሮ ዱቄት ግን ቀድሞ የደረቀ ስለሆነ ስሙ ባያምርም ፕሮቲኑ የታመቀ ነው። የማያምር ስም ሁሉ መጥፎ አይደለም።

አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ለራሴ ውሻ ከአንድ ሱቅ በኪሎ እየተሰፈረ የሚሸጥ ገዛሁ። ከትልቅ ጆንያ ላይ ዝቆ በፌስታል ነው የሰጠኝ። ረከሰ ብዬ ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ሳሸተው የቆየ ዘይት፣ በደንብ ያልታጠበ የመጥበሻ ሽታ። ጆንያው መቼ እንደተከፈተ ሻጩም አያውቅም፤ ቀን የለው፣ ጽሑፍ የለው። ውሻዬ ሁለት ቀን አስቀመጣት፣ ምንጣፉም ምንጣፍ አልሆነም። ስለዚህ በፌስታል አትግዙ። ደግሞ ለራሳችሁም ትልቁን ጆንያ አትግዙ። ባለ 15 ኪሎው በኪሎ ሲሰላ ይረክሳል፣ ልክ ነው፤ ግን በቀን 80 ግራም ለምትበላ ውሻ ከስድስት ወር በላይ ነው የሚቆየው። የተከፈተ ከረጢት በስድስት ሳምንት ገደማ ማለቅ አለበት። ባለ 2 ኪሎው 25 ቀን ይበቃል፣ እሱ ነው ለእናንተ። ከነከረጢቱ አጥፋችሁ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ አስገቡት። የእኛ ብርድ ይረዳናል፣ ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ግን ሙቀቱ ቶሎ ያበላሽባችኋል።

ሸዋ ሮቢት ካልኩ አይቀር ሽንኩርት። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን ያዙ። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ሁሉም ለውሻ መርዝ ናቸው። ቀይ የደም ሴሏን ያፈነዳሉ። ለአንድ ኪሎ ክብደቷ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ይበቃል። ለ4 ኪሎ ውሻ 60 ግራም ማለት ነው፤ አንድ መካከለኛ ራስ እንኳ አይሞላም። ማቁላላት አያጠፋውም፣ ማድረቅም አያጠፋውም። ዶሮ ወጥ ውስጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚገባ ደግሞ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። የወጥ ትራፊ የነካው እንጀራ ስትሰጧት ቁሌቱን ነው የምትሰጧት። ምልክቱም ቶሎ አይታይም፣ ከቀናት በኋላ ነው ድዷ የሚነጣው፣ የምትደክመው፣ ሽንቷ የሚጠቁረው። ያኔ ማን በዓሉን ያስታውሳል!

«የግቢ ውሻችን ዕድሜውን ሙሉ ትራፊ በልቶ ምንም አልሆነም» ትሉኛላችሁ። 25 ኪሎ ነዋ። እሱን ምንም ያላደረገው መጠን ቡቺን ሊገድላት ይችላል።

ጾሙን ደግሞ አስቡት። የእኛ ውሾች ሳያውቁት ጾመኞች ናቸው። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ቤቱ ውስጥ ሽሮና ምስር ነው፤ ውሻዋም 55 ቀን እንጀራ በሽሮ ትበላለች፣ ሽሮው ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያለበት። ትከሳለች፣ ጸጉሯ ይረግፋል። ከዚያ የፋሲካ ሌሊት ይመጣል። ሰው ሲያዝንላት የቆየውን ሁሉ በአንድ ቀን ይክሳታል፤ ጮማው፣ ቅቤው፣ የዶሮው ቆዳ። እኛ የተናደደ ሰው ቆሽቱ አረረ እንላለን። ውሻ ላይ ግን ቃል በቃል ነው፤ በአንድ ጊዜ የወረደ ስብ ቆሽቷን ያስቆጣዋል፣ ትንንሾቹ ዝርያዎች ደግሞ ይብሳሉ። ያስመልሳታል፣ ሆዷን ስትነኳት ትጮኻለች፣ ወገቧን አጉብጣ ትቆማለች። በዓል በመጣ ቁጥር ማግስቱን ቁርስ ሳልበላ ነው ክሊኒክ የምገባው። የዶሮ አጥንት የተሰነቀረበትም አይጠፋም፤ የበሰለ አጥንት እንደ መርፌ ነው የሚሰነጠቀው።

ጾም ላይ የሥጋ ዱቄት ያለበት ምግብ ቤት ማስገባት ይፈቀዳል ወይ ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። እሱን የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። እኔ የማውቀው ውሻ እንዳልተገዘተች ነው። ደረቅ ምግብ የሚመቸውም ለዚህ ነው። ጾም ሆነ ፍስክ ያው 80 ግራም ነው፣ አይሸትም፣ ድስት አይነካም።

ጠላ የጠመቃችሁ አተላውን ለከብት ታፈሳላችሁ፣ ደግ። ትንሽ ውሻ ግን እንዳትደርስበት፣ አልኮል አለው። የቦካ ሊጥም እንዲሁ። ሆዷ ውስጥ ይነፋል፣ አልኮልም ያወጣል። ዘቢብ፣ ወይን፣ ቸኮሌት፣ ቡና፣ እነዚህ ሁሉ ክልክል ናቸው። ስኳር የሌለበት ማስቲካም፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ካለበት ከሁሉም የባሰ ነው።

አሁን እኔን በሥራዬ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ። በግ አርዳችሁ ሳንባው ወይም ጉበቱ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲኖርበት ምን ታደርጋላችሁ? «ለውሻ ጣለው» ነው የሚባለው። ያ ከረጢት የኮሶ ትል ዘር ነው። ውሻዋ ትበላዋለች፣ አንጀቷ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሯ ይወጣል፣ ጸጉሯ ላይ ይጣበቃል። የግቢ ውሻ ቢሆን ውጪ ነው። ቡቺ ግን አልጋ ላይ ናት፣ ልጆች ይስሟታል። ሰው ጉበት ውስጥ ሲገባ ዓመታት ወስዶ ያብጣል፣ ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው። የበጎቻችሁ አዙሪትም ዘመዱ ነው፤ የታመመውን በግ ጭንቅላት ውሻ ይበላል፣ ውሻው መስክ ላይ ይጸዳዳል፣ ሌላው በግ ሣሩን ይግጣል፣ ከዚያ መዞር ይጀምራል። በግ አርቢ አገር ሆነን ይሄን ክብ ራሳችን ነው የምናሽከረክረው። የሆድ ዕቃ ለውሻ የምትሰጡ ከሆነ 40 ደቂቃ ቀቅሉት። ከረጢት ያለበትን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፣ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት። ጥሬ የምታገኝ ውሻ ደግሞ በየስድስት ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ስጧት፣ በክብደቷ ልክ።

ታዲያ ቤት የሚሠራ ነገር የለም ወይ? አለ። ቋንጣ! ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው። ቀዩን ሥጋ ስቡን አውጡ፣ መጀመሪያ ቀቅሉት፣ ከዚያ በስሱ ዘልዝላችሁ ወንፊት ጨርቅ ሸፍናችሁ አድርቁት። የእኛ ደረቅ ብርድና ፀሐይ በሁለት ሦስት ቀን ያደርሰዋል። ጥፍር የምታህለውን ቆርጣችሁ ለሽልማት ስጧት። እኔ ከውጭ ከሚመጣው «ተፈጥሯዊ ሽልማት» ይሄን እመርጣለሁ፣ ምን እንደገባበት አውቃለሁና። ሙሉ ምግቧን ቤት ልሥራ ካላችሁ ግን ሥራው ከባድ ነው። ካልሲየሙን በእንቁላል ቅርፊት ትሞላላችሁ፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት የተፈጨ፣ ለ4 ኪሎ ውሻ በቀን 1 ግራም ገደማ ይበቃል። ዚንኩስ? አዮዲኑስ? ቫይታሚን ዲውስ? በዓይን የማይታየው ጉድለት ከወራት በኋላ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ዋናው ደረቁ ይሁን፣ ከጓዳችሁ ቅመስ ቅመስ አድርጓት።

ምግብ ስትቀይሩ በአንድ ቀን አትቀይሩ። ከአሮጌው እየቀነሳችሁ ከአዲሱ እየጨመራችሁ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውሰዱ። ውሃ ሁሌ ይኑራት፣ ደረቅ የምትበላ ውሻ በኪሎ 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች። ጥርስ ደግሞ በደረቅ ምግብ ይጸዳል የሚባለውን አትመኑ። ብስኩት በልቶ ጥርሱ የጸዳለት ሰው አይታችኋል? 42 ጥርስ በዚያች ጠባብ መንጋጋ ተፋፍጎ ነው ያለው። ጣታችሁ ላይ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በየቀኑ ጥረጉላት። የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም።

እሺ፣ ጥያቄ።

አንድ ወጣት ወተት ይሰጣት ወይ አለኝ። አያስፈልጋትም፤ ብዙ ጎልማሳ ውሻ የወተት ስኳር አይፈጭም፣ ያስቀምጣታል። ካማራችሁ ማንኪያ እርጎ ስጧት። ሌላዋ እህት «እንጀራ ጨርሶ ክልክል ነው?» አለች። ደረቅ እንጀራ፣ ወጥ ያልነካው፣ ቁራጭ ብትበላ ምንም አይላትም። ከ10 ከመቶው ውስጥ ይቆጠራል እንጂ።

አንድ ጋሼ ከኋላ ተነሡና «የእኔዋ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ጥርሷ አልቋል፣ ቆሎውን ምን ታድርገው?» አሉ። ለብ ባለ ውሃ ያርሱት ጋሼ፣ ሩብ ሰዓት ይጠብቁት፣ እንደ ፍትፍት ይሆናል። ሽንኩርት ያለበት መረቅ አያድርጉበት። የራሰ ምግብ ግን ውሎ አያድር፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልጨረሰችው ይድፉት። «እኔም ጥርሴ አልቋል፣ አብረን እንበላለን» አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

ሲያበቃ እማማ ቡቺን በነጠላ ጠቅልለው ወደ መድረኩ ይዘዋት መጡ። ይዤው የመጣሁት የክሊኒኩ ሚዛን ላይ አስቀመጥናት። 5 ኪሎ ከ400 ግራም። ጎድን አጥንቷን በጣቴ ፈለግሁ፣ ተጭኜም በግድ ነው ያገኘሁት። እንደ ቁመቷ 4 ኪሎ ነበር መሆን ያለባት። እንድትከሳ ለሚፈለግ ውሻ የሚሰላው መሆን ባለባት ክብደት ነው፣ ለዚያውም ያለ 1.6ው። 200 ኪሎ ካሎሪ፣ እማማ ቤት ባለው ምግብ 54 ግራም ይመጣል። ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው።

«ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችልም፣ በሲኒ ንገረኝ» አሉ።

ሁለት ሲኒ እማማ፣ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ሁለቱም ትንሽ ጎደል ይበሉ።